በማን በኩል ነሽ?
ከጋቦዴ እስከ መንዝ፤ የአንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ የዘር ቆጠራ

ወረቀቱ ለረጅም ዘመን አራት እጥፍ ሆኖ ስለኖረ እጥፋቱ ላይ የነበሩት ፊደላት ተልጠዋል። በተረፈው ላይ በፈረንሳይኛ የተተየበ ስም ከነአባት ስም ይነበባል። ከሥሩ «ኔ ቬር 1912» ይላል፤ በ1912 ገደማ የተወለደ ማለት ነው። የትውልድ ቦታ፣ ሐረር። ሥራ፣ የሎኮሞቲቭ እሳት አንዳጅ። ጥጉ ላይ ተሰክቶ የነበረው ፎቶግራፍ ወድቆ ጠፍቷል፤ የቀረው የዛገው ሽቦ የተወው ሁለት ቡናማ ነጥብ ነው።

የወረቀቱ ባለቤት አያቴ ናቸው፤ የእናቴ አባት። የሚያስቀምጡት ደግሞ አክስቴ ናቸው፣ ጋቦዴ በሚገኘው ቤታቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከመብራትና ከውሃ ደረሰኝ ጋር። ጅቡቲን ለሚያውቅ ሰው ጋቦዴ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ወህኒ ቤት እዚያ ስላለ «ጋቦዴ ገባ» ከተባለ ሰውዬው ቤት ተከራየ ብሎ የሚያስብ የለም። ለአክስቴ ግን ጋቦዴ ልጅ ያሳደጉበት፣ የጫት መኪና ከድሬዳዋ ደረሰ ሲባል ወንዱ ሁሉ ከየቤቱ ውልቅ የሚልበት፣ ጎረቤት በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ የሚጣራበት ሰፈር ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ጋብቻ ነው። የአክስቴን የልጅ ልጅ ሽማግሌ ልከው ጠየቁ። የልጁም ወገን እንደኛው የባቡር ቤተሰብ ነው፤ የእነሱም አያት ወረቀት «ሐረር» ይላል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሐረር ጎን ለጎን ሲያዩ ዝም ብለው ማለፍ አልወደዱም። በአማራ ወግ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤ ስለዚህ ዘር ይቆጠር ተባለ። አክስቴ አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ሰው ፊት መቆማቸው አንገበገባቸው። ማታውኑ አዲስ አበባ ደውለው «አንተ ጸሐፊ ነኝ ትላለህ፤ እስቲ አያትህን ፈልግ» አሉኝ።

የአያቴን ስም እዚህ አልጽፍም። «የሞተ ሰው ስም መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» ብለው አክስቴ ከልክለውኛል። እውነቱን ለመናገር ስማቸው ለፍለጋው የረዳው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያሳሳተን እሱ ነው።

ከ«ሐረር» እንጀምር። ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ። ከተማዪቱ እዚያው ሜዳ ላይ በቀለች፤ በመጀመሪያ ዕድሜዋም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሐዲድ አንጣፊ፣ ድንጋይ ፈላጭ፣ ፍሬን ያዥ፣ እሳት አንዳጅ ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከኦሮሞው አገር፣ ከኢሳው፣ ባሕር ተሻግሮ ከየመንም። ይህ ሁሉ ሰው ድሬዳዋ ላይ ተቀጥሮ፣ በደወሌና በአሊ ሳቢህ አልፎ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ጸሐፊው «ከየት ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ላሎ ምድርን ወይም ይፋትን ከየት ያውቃል? የሚያውቀው ሐረርን ነው። ሠራተኛውም ነገር ከማስረዘም «ሐረር» ይላል። በባቡር ቤተሰቦች እጅ ያለው ወረቀት ሁሉ እንዲህ ሆኖ ተሞልቷል ለማለት ባልደፍርም፣ እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኞቹ ሰውዬው የተወለደበትን ሳይሆን ባቡር የተሳፈረበትን አገር የሚናገሩ ናቸው።

እግረ መንገዴን ስለ ባቡር ቤተሰብ ትዝታ አንድ ነገር ልበል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ጅቡቲ ደርሰው፣ ሚያዝያ 26 ቀን ኢንተርፕራይዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ «ያን ባቡር የነዳው» ወይም «እሳት ያነደደው የኔ አያት ነው» የማይል ቤተሰብ አላጋጠመኝም። የኛም ቤት ይላል። አንዳጅ ነን የሚሉት ሁሉ እዚያ ባቡር ላይ ቢኖሩ ኖሮ ለንጉሡ መቀመጫ አይተርፍም ነበር። አክስቴ ይህን ስላቸው ተቆጡኝ፤ እኔም ነገሩን ተውኩት፤ እንደ እውነት ግን ወደ ጽሑፌ አላስገባውም።

ጅቡቲ ውስጥ ወረቀት የሚሳሳተው ጸሐፊው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ባለቤቱም አውቆ ያሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ የነፃነት ጥያቄ ያነሳ ሰልፈኛ ጠበቃቸው፤ ብጥብጥ ተነሳ። በመጋቢት 1967 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ቅኝ ግዛቱም ስሙን ከፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ወደ አፋርና ኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ቀየረ። በዚያው ሰሞን ከተማዪቱ ዙሪያዋን በእሾህ ሽቦ ታጠረች፤ ጅቡቲዎች ባራዥ የሚሉት ነው። እዚህ መወለዱን ማስረዳት ያልቻለ ሰው በድንበር በኩል ይባረር ጀመር፤ ዱላው በይበልጥ ያረፈው በሶማሌው ላይ ነው። ያኔ «ሐረር» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ምትክ የሚሆን ፍርድ ያወጣል፤ «ጅቡቲ ተወለደ» ይባላል። የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ አገር ቤት ጥርሱን ያወለቀው ሰውዬ፣ በወረቀት የጅቡቲ ልጅ የሆነው እንዲህ ነው። ምስክሮቹ ሁለት የባቡር ባልደረቦቹ ናቸው፤ እነሱም በወረቀት እዚያው የተወለዱ። ዛሬ የዘር ሐረግ ፈላጊው እነዚህን ወረቀቶች ደርድሮ ሲያይ ወንድማማቾቹ በአንድ እናት፣ በሁለት አገር የተወለዱ ይመስሉታል።

ድንበሩ ራሱ ሰውን እየለየ እየቀላቀለ የኖረ ነው። የጅቡቲ ፕሬዚዳንት ኢስማዒል ዑመር ጌሌ እንኳ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬዳዋ ነው። ዛሬ የ27 ሰኔ አደባባይ የሚባለው የጅቡቲ እምብርት ከነፃነት በፊት ምኒልክ አደባባይ ይባል ነበር፤ አክስቴ ዛሬም የሚሉት ምኒልክ ነው።

ጋቦዴ አክስቴ ዘንድ ከወረድኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት እነዚህን ወረቀቶች በረንዳ ላይ ዘርግተን ሳለን የጎረቤት ልጅ ገባ፤ ኢሳ ነው፣ ዕድሜው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቢሆነው ነው። አክስቴን «ኤዶ» ይላቸዋል። ምን እንደምንሠራ ጠየቀ፤ ነገርነው። ገረመው። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ ስሙን ጠርቶ፣ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ እያለ ያለ ማቋረጥ ወረደው። እኔ በጣቴ ስቆጥር ጣቴ አለቀብኝ፤ እሱ ገና አላለቀም። ሶማሌዎች ይህን አብቲርሲ ይሉታል፤ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር አባቶቹን ይቆጥራል። የሚቆጥረው ለጌጥ አይደለም። ደም ቢፈስ ካሳውን ከማን ጋር አዋጥቶ እንደሚከፍል፣ በረሃ ላይ ቢጠማ የማንን ጉድጓድ እንደሚጠጣ የሚያውቀው በዚህ ነው። ኢሳዎች ሕጋቸውን «ሔር ኢሴ»ን በቃል ይዘው ኖረዋል፤ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ልጁ ሲጨርስ አክስቴን አየ፤ ተራው የእሳቸው ነው ማለቱ ነው። አክስቴ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።

እኛስ ለምን አንቆጥርም? ቆጥረናል፤ ያውም ከሶማሌው በተወሳሰበ መንገድ። ሶማሌው በአባት ብቻ ይወርዳል። አማራው በርስት ዘመን በአባትም በእናትም፣ በአያትም በሴት አያትም ይወርድ ነበር፤ ርስት ለወንድም ለሴትም ይደርሳልና። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ አለን ሆበን በ1950ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ አገር መሬቱ መጀመሪያ ባቀኑት ዋና አባት ስም ይጠራል፤ ከእሱ በታች ምንዝር አባቶች አሉ፤ «የእገሌ ተወላጅ ነኝ» የሚል ሰው በአንዱ መስመር ቆጥሮ ከደረሰ ድርሻ ይጠይቃል። አንድ ገበሬ በስምንት ቅድመ አያቶቹ በኩል ስምንት ቦታ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁሉም ቦታ ግን አይቀናውም። የሚቀናው ዘሩን የሚያውቅለት ሽማግሌ፣ ለሙግት የሚሆን ገንዘብና ትዕግሥት ያለው ነው።

ዘር ቆጠራ እንግዲህ የሙግት ሙያ ነበር። ምንዥላትንና እንጅላትን የሚያስታውስ ሽማግሌ እንደ ጠበቃ ይፈለግ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ያ ሙያም በአንድ ቀን ገበያ አጣ። ልጅ «አያቴ ማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መሬት ስለሌለ መጠየቁን ተወ። ለኢሳው ልጅ ግን ካሳውም ጉድጓዱም ዛሬም አለለት። አክስቴ ሦስተኛው ላይ የቆሙት ቸልተኛ ስለሆኑ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ማወቅ የሚያበላው ነገር ስላልነበረ ነው።

መንግሥትም ክፍተቱን አልሞላውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ብሎ ነበር። የቤተ ዘመድ ስም የያዘ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ አላየንም፤ መዝገቡም ለአሥርተ ዓመታት ሳይከፈት ኖረ። አገር አቀፍ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ማስረጃው የእናቱ አፍና የክርስትና አባቱ ናቸው።

የእናት አፍ ደግሞ ቀላል ማስረጃ አይደለም። በኢትዮጵያ ታሪክ ከታወቁት የጠፋ ዘመድ ፍለጋዎች አንዱ የተፈታው በሴት አያት ዓይን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ አንድ ትንሽ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ወደቀ። ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን አስተማረው። ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በላሆር ሕክምና ተማረ፤ በበርማ ሐኪም ሆኖ ሠራ። የዐድዋ ድል ወሬ ሲሰማ አገሩን ሊያይ መጣ። አዲስ አበባ ላይ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጄ ነው ብለው ቀረቡ፤ ሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳያዩ ተናግረው፣ ገልጦ ሲያሳይም እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝ ጦር መዝገብ ሊነግረው ያልቻለውን ስም አያቱ ነገሩት፤ ወርቅነህ እሸቴ። ዘመናዊ ሕክምና ተምረው ኢትዮጵያን ያገለገሉት፣ ኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንደን ላይ የአገራቸው መልእክተኛ የነበሩት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እኚህ ናቸው።

ለኛ ጠባሳ የሆነልን ባና ነው። አያቴ ሲሞቱ ከተዉት ዕቃ መካከል አንድ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ ሻካራ ብርድ ልብስ አለ። ጅቡቲ ውስጥ፣ በሐምሌ ነፋሱ እንኳ ፊት በሚገርፍበት ከተማ፣ ማን የሱፍ ብርድ ልብስ ይይዛል? አክስቴ አጣጥፈው ልብስ መተኮሻ አድርገውታል፤ አንዱ ጎኑ በካውያ ተለብልቦ ያብለጨልጫል። ጠርዙን ገልብጠን ስናይ በሁለት ቁራጭ ተሸምኖ መሐሉ ላይ በእጅ የተሰፋ ነው። አብሮን የነበረ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ገና በእጁ ሲዳብሰው ሳቀ። «ይኼ የሐረር አይደለም፤ ይኼ የመንዝ ባና ነው» አለ። ባና በሌላ ደጋ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ግን ሐረር ተወለዱ ከተባሉ ሰው ጋር የማይሄድ ዕቃ መሆኑ ገባን።

መንዝ ከተባለ በኋላ ያላየነውን ማየት ጀመርን። አያቴ ይጸልዩበት የነበረ ዳዊት አለ፤ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ፣ ለክብሩ ሲባል ማንም የማይነካው። አክስቴ ራሳቸው አወረዱት፤ ተሳልመው ከፈቱት። ከሽፋኑ ጀርባ በኩል የአያቴ የክርስትና ስም ተጽፏል፤ ካህን ለጸሎት የሚጠራበት፣ ኩባንያው የማያውቀው፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ። ሐበሻ በዓለም ስሙ ይቀጠራል፣ በቅጽል ስሙ ይጠራል፣ በክርስትና ስሙ ይፈታል። የባቡር ባልደረቦቻቸው ከጭሱ ያወጡላቸው ሌላ ቅጽል ስም ነበራቸው፤ ድሬዳዋ ያሉ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው። በሦስቱ ስሞች ሦስት ሰው ፈልገን ኖሯል።

ከማኅደሩ ኪስ ደግሞ ደብዳቤ ወጣ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሕፈት፣ ሐምሌ 1949 ዓ.ም.። ከእህታቸው ነው፣ ከላሎ ምድር። ከሰላምታው ቀጥሎ ፍሬ ነገሩ ይመጣል፤ ርስት ተይዞብናል፣ ሙግት ላይ ነን፣ ገንዘብ ላክ። ዳኛው ዘር ቁጠሩ ስላሉ፣ ወንድሟም እንዳይጠራጠር፣ ቆጠራውን ጽፋለታለች፤ ከእሷ ተነሥቶ እስከ ዋናው አባት፣ አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ የያዘው መሬት እየተጠቀሰ። አራተኛዋ ሴት ናት። ሙግቱ የተነሣው በእሷ ነው፤ ሌላው ወገን «በሴት የመጣ ነው» ብሎ ሊያስወጣ ፈልጎ ኖሮ፣ ደብዳቤዋ ላይ የተቆጣችው እዚህ ጋ ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶታል። መንዝ በሦስት እንደሚከፈል፣ ማማ፣ ላሎና ጌራ፣ ክፍሎቹም የተጠሩት ባቀኑት አባቶች ስም እንደሆነ የሚተረከውን በትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ። ላሎን ከቤተሰቤ ጋር ሳገናኘው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ካናዳ ያለችው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ምራቅ ልኮ መመርመር አይቀልም ነበር?» አለችኝ። አይቀልም። ከገበያ የሚገዛው የዘረ መል ምርመራ «ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህን ለማወቅ ገንዘብ መክፈል አያሻም። ፈረንሳይ ያሉ የጅቡቲ ዘመዶቻችን ደግሞ ሊሞክሩት ቢፈልጉ እንኳ ያገሩ ሕግ ይከለክላቸዋል፤ ያለ ሐኪም ወይም ያለ ዳኛ ትእዛዝ ያስመረመረ እስከ 3,750 ዩሮ ይቀጣል። ላሎ ምድር ውስጥ አራተኛዋ ሴት የትኛውን ማሳ እንደያዘች የሚናገር ቤተ ሙከራም የለም።

ዘመን አቆጣጠሩም ለብቻው አደከመን። ወረቀቱ «1912» የሚለው በፈረንጅ ነው። ደብዳቤዋ «አንተ በ1905 ተወልደህ» የምትለው በኛ ነው። አክስቴ ሁለቱን አይተው «እንግዲህ ሰባት ዓመት ዋሽቷል» አሉ። አልዋሹም፤ የ1905 መስከረም በፈረንጅ 1912 ነው። ከወረቀቱ ሁሉ የተገኘው ብቸኛ እውነት ይህ ነበር፤ ያውም በግምት የተጻፈው።

ጋብቻው? የልጁ ወገን ከቡልጋ ሆነ፤ በሰባት ቤት ውስጥ አልተገናኘንም፤ ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ጨረሱ። አክስቴ ግን አልጨረሱም።

መንዝ ድረስ መሄድ አልሆነልንም፤ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አክብዶታል። አዲስ አበባ ያሉ የመንዝ ሰዎች ለሰው፣ ሰውም ለሰው እያሉ መሐል ሜዳ ያሉ አንድ አዛውንት ዘንድ አደረሱን። የስልክ ድምፅ ማጉያውን ከፍተን ጋቦዴ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አክስቴ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም ተናገሩ። አዛውንቱ ዝም። የክርስትና ስሙን ነገሯቸው። ዝም። ከዚያ «በማን በኩል ነሽ?» አሉ። አክስቴ ደብዳቤውን አንሥተው የአራተኛዋን ሴት ስም ጠሩ።

«ኧረ ተዪኝ!» አሉ አዛውንቱ። «ያ ሙግት እኮ አላለቀም ነበር። ዳኛ አልፈረደው፤ አዋጅ ነው የዘጋው።» ከዚያ ጀመሩ፤ ማን እንደተሟገተ፣ ማን ዋስ እንደጠራ፣ የአያቴ እህት ከችሎት ስትወጣ ተቃራኒዋን ምን እንዳለችው። እሱን እዚህ መጻፍ አይቻልም። እኔ ስጽፍ፣ አክስቴ «እሺ፣ ከዚያስ?» ሲሉ ቆዩና፣ አዛውንቱ በድንገት ድምፃቸውን ቀየሩ።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ መጠየቃችሁ መሬቱን ብላችሁ ነው?»

«የምን መሬት አባባ! እኔ ባሕር ዳርቻ ተወልጄ ባሕር ዳርቻ ያረጀሁ፤ ገብስ መቼ እንደሚዘራ እንኳ አላውቅ!»

አዛውንቱ ተነፈሱ፤ ሳቁም። ዘመድ መሆናችን ከዚህ በኋላ አላከራከራቸውም። ጥቂት ቆይተው የደብሩ ጣሪያ ማፍሰሱን፣ ተወላጁ ሁሉ በየነፍስ ወከፍ እያዋጣ መሆኑን፣ የአክስቴም ቤተሰብ ስንት ራስ እንደሆነ ጠየቁ። አክስቴ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው የጅቡቲ ፍራንክ በብር ስንት እንደሚመነዘር ጠየቁኝ፤ አስልቼ ነገርኳቸው። «በዛ» አሉ። መሸፈኑ አልበጀም፤ መሐል ሜዳ ተሰምቷል። «አልበዛም፤ ከ1949 ጀምሮ ያለው ውዝፍ እኮ ነው» አሉ አዛውንቱ። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከሠርጉ በኋላ እንዲላክ ተስማሙ።